የስካውት ሰፈርና የክረምት ስንቅ

(ከዚህ ቀጥሎ ያለው በራዲዮ የተነገረ ንግግር ነው። ያልሰሙት እንዲያነቡት፣ የሰሙትም እንዲያስታውሱት እንዳለ አትመነዋል።)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ልጆቻችን ለአንድ ሳምንት ያህል ከቤታቸው ወጥተው በስካውት ሰፈር ለመቈየት ፈቃድ ይጠይቁናል። አባት ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ልጁ አንድ ፎርም ይዞ በር ላይ ይጠብቀዋል። አባትም አንብቦ፣ ወይም ሳያነብ፣ ይፈርምና «መልካም ነው፤ ሂድ» ይለዋል። እናትም ሻንጣ አውጥታ የክት ልብሱን አጣጥፋ ትከትለታለች። መሰናዶው በዚሁ ያበቃል። እንዲህ ያለው መሰናዶ ግን መሰናዶ ሊባል እንደማይገባው፣ ጥፋቱም የልጁ ሳይሆን የወላጁ እንደ ሆነ፣ በራሴ ቤት በደረሰው ነገር ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሜ ነገሩ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ልናገር። ቤደን ፓውል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል በ1899 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1907፣ ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ሰብስቦ ሳምንት ያህል በድንኳን አኖራቸው። ከልጆቹ ከፊሎቹ የባለጸጎች፣ ከፊሎቹም የሠራተኞች ልጆች ነበሩ፤ በአራት ጓድ ተከፍለው፣ እሳት አንድደው፣ ምግብ አብስለው፣ ለመተዛዘዝና ለመረዳዳት ተለማመዱ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተሰራጨው የስካውት ድርጅት የበቀለው ከዚያች አንዲት ሳምንት ነው። መመሪያውም በአጭር ቃል «ዝግጁ ሁን» የሚል ነው። በአገራችንም ስካውት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች የታወቀ ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ ቈይቶ ዳግመኛ ተቋቁሟል።

ይሁን እንጂ፣ አድማጮቼ፣ ሰፈር መስፈርና ለጉዞ መሰናዳት ለኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር የመጣ ትምህርት አይደለም። አያቶቻችን ለዘመቻ ሲነሡ «ስንቅና ትጥቅ» ይሉ ነበር። ከሁለቱ አስቀድመው የጠሩት ስንቅን መሆኑን ልብ በሉ። በሶውን አስፈጭቶ፣ ቆሎውን አስቈልቶ፣ ድርቆሹን አስደርቆ ያልተነሣ ዘማች ጦርነቱ ሳይጀመር ተሸናፊ ነው። የቆሎ ተማሪውንም ተመልከቱት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በትሩን ይዞ፣ ከሩቅ አገር ተነሥቶ እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ለድጓ ትምህርት ሲሄድ፣ የያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከያዘው አንዱም ትርፍ የለም። ደበሎው ልብሱም ምንጣፉም ነው፤ በትሩ ምርኩዙም የውሻ መከላከያውም ነው። እንግዲህ ዝግጅት ማለት ብዙ ዕቃ መሸከም ሳይሆን የሚሄዱበትን አገር ዐውቆ ለዚያ የሚስማማውን መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። በአውሮፓ ልጆች ለሰፈር የሚወጡት ትምህርት በሚዘጋበት በበጋቸው ነው። የእኛም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያው ወራት ነው፤ ነገር ግን ለእኛ ወራቱ ክረምት ነው። የጥንት ነገሥታቶቻችን በበጋ ከነድንኳናቸው ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ኖረው፣ ዝናብ ሲገባ ባንድ ስፍራ ይረጉ ነበር። ከፎገራ በስተ ሰሜን በእንፍራዝ የሚታየውን የጉዛራን ግንብ ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ሆኑ ይነገራል፤ እሳቸውም በዚያ አገር ይከርሙ ነበር። «ከረመ» የሚለው ቃላችን ራሱ ክረምትን ባንድ ቦታ ተቀምጦ ማሳለፍን ያመለክታል። እንግዲህ ንጉሡ ከነሠራዊቱ በሚቀመጥበት ወራት እኛ የ12 ዓመት ልጅ ወደ ድንኳን እንሰዳለን ማለት ነው። ይህን ስል መስደዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የንጉሥ ሠራዊት ያልደፈረውን ወራት የሚደፍር ልጅ ከንጉሥ ሠራዊት ይልቅ መሰናዳት እንደሚገባው ለማሳሰብ ነው።

ምሳሌዬን ከፎገራ እወስዳለሁ። በወጣትነቴ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ሁለት ክረምት በወረታ ቈይቻለሁና አገሩን በመጠኑ ዐውቀዋለሁ። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል፤ የደብረ ታቦርም መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ነው። በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሜዳ ነው። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህም ሩዝ ስለ ተዘራበት፣ ዛሬ ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ያቈረ የሩዝ ማሳ ሆኖ ይታያል። ኤክስ ጂግና የሚባለውም የሩዝ ዘር በስሙ የሚያስታውሰው የዚያኑ አገር ቀበሌ ጂግናን ነው። ለሩዝ የተስማማ መሬት ለድንኳን እንደማይስማማ ማንም ሳይነግራችሁ ትረዱታላችሁ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ያስቀራል።

ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥተው ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ስለዚህ በወረታ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ በጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ወንዙን ሞልቶ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በክረምቱ መገባደጃ ውሃው ከወንዞቹ አፍ ወጥቶ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል፤ በፎገራ ግን መሬቱ ውሃ ጠጥቶ የሚጠግበው በነሐሴ ማለቂያ ነውና በዚህ አባባል የተማመነ ሰው ይታለላል።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጨረሻው ልጄ፣ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከጓደኞቹ ጋር በፎገራ ሜዳ ዳር ለአንድ ሳምንት ሊሰፍር ፎርሙን አመጣልኝ። እኔም ፎርሙን ወደ መሥሪያ ቤት ይዤ ሄጄ፣ በሌሎች ደብዳቤዎች መካከል፣ ጥያቄውን ሁሉ «የለም»፣ «የለም» እያልሁ ሞልቼ ፈረምሁበት። እናቱ «አጎበር ያስፈልገው ይሆን?» ብትለኝ፣ «ለአንድ ሳምንት ነው እኮ» አልኋት። እኔ ራሴ ለመስክ ሥራ ስታዘዝ ግን የውሎ አበሌን ከማስላቴ በፊት አጎበሬን እንደማልረሳ ልሰውራችሁ አልችልም።

ልጁ በሳምንቱ ጠቍሮና ከስቶ፣ ነገር ግን ፊቱ በደስታ በርቶ ተመለሰ። ገሳ የለበሱ እረኞች ልጆች ወዳጆቹ ሆነው ነበር። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ሊሻገሩ ሲሉ አንዱ እረኛ ወደ ጉና እያመለከተ «ተራራው ጠቍሯል፤ ዛሬ አትሻገሩ» አላቸው። መሪያቸውም ቃሉን ሰምቶ አስቀራቸው፤ ማታ ወንዙ ዛፍ እየነቀለ ሲወርድ በዓይናቸው አዩ። ይህን ሲነግረን እናቱ እጇን ባፏ ላይ ጫነች፤ እኔ ግን ልጄ ጐበዝ ሆነ ብዬ ኮራሁ።

በተመለሰ በዐሥራ አንደኛው ቀን ራሴን አለ፤ ማታውን ተንቀጠቀጠ። እኛም ምች መትቶታል ብለን ዳማ ከሴ ጨምቀን አጠጣነው። በማግሥቱ ቀለለው፤ «አላልሁም?» አልሁ። በሦስተኛው ቀን ትኵሳቱ ብሶ ተመለሰ፤ ሰውነቱ ጋለ፤ ንግግሩም ተዛባ። ወደ ሐኪም ስናደርሰው፣ ሐኪሙ ገና ሳይመረምረው አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «በዚህ ወር ከከተማ ወጥቶ ነበርን?» አድማጮቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ድንጋጤ ልገልጽላችሁ አልችልም። ሁለት ክረምት በወረታ የኖርሁት ሰው፣ ፎገራን ለማስታወስ የሐኪም ጥያቄ አስፈለገኝ። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመድኃኒት ዳነ።

ካገገመ በኋላ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በጨዋነት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ወረታ ኖረው አልነበረም? አጎበር እንደሚያስፈልግ አላወቁም ነበርን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ እንዲሆነኝ ነው።

እንግዲህ ልጁን ለሰፈር የሚሰድ ወላጅ ሊያስብባቸው የሚገቡትን አምስት ነገሮች በየተራ እናገራለሁ።

አንደኛው ቦታውን ማወቅ ነው። ፎርሙ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት መሪውን አግኝታችሁ ጠይቁ። ልጆቹ የሚተኙት በሜዳው ነው ወይስ በከፍተኛው ስፍራ? ከባድ ዝናብ ሌሊት ቢመጣ የሚገቡበት ጣራ ያለው ቤት፣ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ቀርቧልን? የሚሻገሩት ወንዝ አለን? ለስንት ልጅ ስንት አዋቂ ይኖራል? የጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል፣ መንገዱስ በዝናብ ያስኬዳልን? ጥሩ መሪ እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል፤ የሚቈጣ መሪ ግን መልሱን አላዘጋጀም ማለት ነው። ለልጁም ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት፤ የደፈረሰ ወንዝ ጥልቀቱ አይታይምና እንዳይገባበት፣ መብረቅ ሲያስገመግምም ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር እንዳይጠለል። የአገሩንም ሰው፣ እረኛም ቢሆን፣ ይስማ። የጉናን ሰማይ ከማንም ይልቅ የሚያነቡት እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛው ጤናውን መጠበቅ ነው። ወባ በፎገራ የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢሆንም፣ በክረምቱም አይጠፋም። የወባ ትንኝ ይልቁንም ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች፤ ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ ሲመሽም የሚለበስ እጀ ረጅም ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ግድ ነው። አጎበሩን እንዴት እንደሚዘረጋና ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር እንዴት እንደሚያስገባ በቤት ይማር፤ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚያድር አጎበር አይከላከልምና። በ1997 ዓ.ም. ግድም በሊቦ ከምከምና በፎገራ ካላ አዛር የተባለው በሽታ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጐድቷል፤ በሽታውን ያጠኑት ሰዎች ሌሊት ከግራር ዛፍ ሥር ውጭ መተኛት አደጋውን እንደሚያበዛ አግኝተዋል። ስለዚህ ልጁ ጓደኞቹ ቢደፋፈሩም ከድንኳን ውጭ አይደር። የሚጠጣው ውሃ የፈላ ወይም በመድኃኒት የታከመ ይሁን። በቈመ ውሃና በሩዝ ማሳ በባዶ እግሩ አይዋኝ፣ አይንቦራጨቅ፤ ብልሃርዚያ የሚያዘው በዚህ ነውና። አስም ወይም ሌላ የቈየ ሕመም ካለበት፣ የሚወስደውም መድኃኒት ካለ፣ አፍራችሁ አትደብቁ፤ በፎርሙ ላይ ጻፉት፣ ለመሪውም በቃል ድገሙለት።

ሦስተኛው ዕቃው ነው። ትልቁ ሕግ አንድ ነው፤ ምንም ቢሆን የማይረጥብ አንድ ሙሉ ልብስ ይኑረው። ቀን የሚለብሰው ይርጠብ፤ ማታ የሚተኛበት ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ከመኝታ በቀር የማይነካ ይሁን። ይህን የጠበቀ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቢበሰብስ ሌሊቱን ደርቆ ያድራል። ከዚህ ሌላ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ከመሬቱ ርጥበት የሚለይ ምንጣፍና ከሥሩ የሚነጠፍ ላስቲክ፣ የዝናብ ልብስ፣ ለጭቃ የሚሆን ቦት ጫማና ለማታ የሚሆን ደረቅ ነጠላ ጫማ፣ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ካልሲ፣ ኮዳ፣ ሳህንና ማንኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሳሙናና ፎጣ፣ መርፌና ክር ይበቁታል። ክብሪቱ በላስቲክ ይጠቅለል። በሁሉም ላይ ስሙ ይጻፍ። የክት ልብሱ፣ የእጅ ሰዓቱና ውድ ነገር ሁሉ በቤት ይቅር። ሻንጣውን ደግሞ ልጁ ራሱ ይክተት። እናቱ የከተተችለት ልጅ የእጅ ባትሪውን በጨለማ ሲፈልግ ሻንጣውን በሙሉ ይዘረግፋል፤ ራሱ የከተተ ግን እጁን ሰዶ ያገኘዋል። ከተቶ ሲጨርስም ተሸክሞት ሩብ ሰዓት ይራመድ፤ ትርፉን ዕቃ ትከሻው ይነግረዋል።

አራተኛው ስንቁ ነው። ሰፈሩ ምግብ ቢሰጥም፣ ዝናብ እንጨቱን አርጥቦ ምድጃ የማይነድበት ቀን አለ። ያን ቀን የሚያኰራ በሶና ቆሎ የያዘ ልጅ ነው፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ ብቻ ይበጠበጣል። ዳቦ ቆሎም ለሳምንት አይበላሽም። የሚያመጣው ስንቅ ግን ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለጓዱም እንዲሆን አስቡ፤ ተደብቆ በሌሊት የሚበላ ብስኩት ልጁን ከጓደኞቹ ይለየዋል። ሰፈሩ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውል ከሆነ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ብዙ ልጆች የሚጾሙት ጾም ነውና ስለ ምግቡ ከመሪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእስላም ልጆችም ስለ ሥጋው የሚጠይቁት ነገር ይኖራል። ባንድ ማዕድ ዙሪያ አንዱ የሌላውን ሥርዓት ዐውቆ እንዲያከብር መማሩ ከሰፈር ትምህርት ሁሉ የሚበልጥ ነው።

አምስተኛው ልቡ ነው። ብዙ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሌሊቶች ቤቱ ይናፍቀዋል፤ ይህ ነውር አለመሆኑን ከመሄዱ በፊት ንገሩት። «ካልተስማማህ ወዲያው መጥቼ እወስድሃለሁ» አትበሉት፤ እንዲህ የተባለ ልጅ ሳምንቱን መንገድ መንገድ ሲያይ ይፈጀዋል። ስልክም ቢኖረው ማታ ማታ አትደውሉለት፤ የናቱ ድምፅ የተረጋጋውን ልብ ያናውጠዋልና፣ አስፈላጊ ነገር ሲኖር መሪው ይደውል። ከመሄዱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በቤት ተለማመዱ፤ ካልሲውን ራሱ ይጠብ፣ ምንጣፉን ራሱ ያንጥፍ፣ ርጥብ እንጨት በማንደድ ጢስ ዓይኑን ያቃጥለው፤ አንድ ሌሊትም በግቢያችሁ ውስጥ በድንኳን ይደር። በግቢ የሚታየው ጕድለት በማግሥቱ ይታረማል፤ በፎገራ የሚታየው ግን ሳምንቱን ሙሉ ይኖራል።

ልጁ ሲመለስም ሥራው አላለቀም። ወባ ትንኟ በነከሰች በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱም ዓይነት ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለው አገር የተመለሰ ልጅ ትኵሳት ሲሰማው፣ ምች ነው፣ ጉንፋን ነው ሳትሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ሐኪሙም ሳይጠይቃችሁ «ፎገራ ነበረ» በሉ። ይህች አንዲት ቃል እኔን ሦስት ቀን ያስከፈለችኝ ቃል ናት።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ይህን ሁሉ አደጋ ከቈጠርህ ልጁ በቤቱ ቢቀመጥ አይሻልምን?» ይለኝ ይሆናል። አይሻልም። በከተማ ያደገ ልጅ ሩዝን በሳህን፣ ወተትን በጠርሙስ፣ ዝናብን በመስኮት ብቻ እያየ ካደገ፣ ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ሲቀመጥ የሚያስተዳድረውን አገር አያውቀውም። ልጄ ከዚያ ሰፈር ያመጣው ወባ ብቻ አልነበረም። እረኛን ማክበር፣ ከጓዱ ጋር ውሃ መቅዳት፣ ተራራውን አይቶ ወንዙን መጠርጠር ተምሮ መጥቷል። ወባውን ያመጣበት ሰፈሩ አይደለም፤ የእኔ ፊርማ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ያው ልጅ ዳግመኛ ፎርም ይዞ መጣ። በዚያ ጊዜ መሥሪያ ቤት አልወሰድሁትም። ማታ መብራት ሥር ከእናቱና ከእርሱ ጋር ተቀምጠን ጥያቄውን አንድ በአንድ እያነበብን ሞላነው። አጎበሩን ራሱ አጥፎ በሻንጣው አፍ ላይ አስቀመጠው፤ እኔም የፈረምሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አድማጮቼ፤ «ዝግጁ ሁን» የሚለው ቃል ለልጆች የተነገረ ነው ይባላል። እኔ ግን ከልጁ አስቀድሞ ለአባትና ለእናት የተነገረ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ልጆቻችሁን ስደዱ፤ ነገር ግን ስንቃቸውን አሟልታችሁ፣ የሚሄዱበትንም አገር ዐውቃችሁ ስደዱ። ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።